ከጀሞ ለጻፍሽልን ልጅ፦ የምትወጃት አይዶል ከቡድኗ ስትሰናበት

ሰላም እህቴ፣

ደብዳቤሽ ረጅም ስለሆነ ሙሉውን ማውጣት አልቻልንም፣ ሌላው አንባቢ እንዲገባው ግን ዋና ዋናውን ላስቀድም። «ሐምራዊቷ ከጀሞ» ብለሽ ነው የጻፍሽው። 23 አመትሽ ነው፣ ፋርማሲ ውስጥ ትሰሪያለሽ፣ አራት አመት ሙሉ ከጃፓኑ ሄሎ ፕሮጀክት (አይዶል የሚባሉ ወጣት ሴት ዘፋኞችን በቡድን በቡድን የሚያወጣ ነው) ቡድኖች ውስጥ አንዷን ልጅ ስትከታተዪ ቆይተሻል፣ እያንዳንዷ አባል የራሷ ከለር አላት፣ ሐምራዊውም የሷ ነው። ባለፈው ወር ልጅቷ ከቡድኑ እንደምትለቅ አስታወቀች፣ አንቺ መኝታ ቤት ገብተሽ ስታለቅሺ እናትሽ «ማን ሞተ?» ብለው እየሮጡ መጡ፣ ነገሩን ስትነግሪያቸው መጀመሪያ ሳቁ ቀጥለው ተቆጡ። ቨርጂኒያ ያለው ወንድምሽ በካርዱ እየከፈለ ሲገዛልሽ ነበር፣ በቅርቡ ግን አንድ አይነት ሲዲ ስምንት ኮፒ አዘሽ «ይሄ ሁሉ ለምንድነው?» ሲልሽ መልስ አጣሽ። አሁን ደሞ አያትሽ የሰጡሽን የወርቅ ሀብልና ላፕቶፕሽን ሸጠሽ ቶኪዮ ኒፖን ቡዶካን ለሚደረገው የስንብት ኮንሰርት ለመሄድ አስበሻል። በዛ ላይ የቴሌግራም ግሩፓችሁ ውስጥ «የምትወጣው ቦይፍሬንድ ስላላት ነው» የሚል ወሬ ከፎቶ ጋር ተለቆ፣ የተካድሽ መስሎሽ ዘፈኗን መስማት ራሱ አቅቶሻል። «አብጃለሁ እንዴ?» ነው የመጨረሻው ጥያቄሽ።

ከሱ ልጀምር። አላበድሽም፣ የሚያሳፍርም ነገር የለውም። እዚሁ ከተማችን ውስጥ አርሰናል ተሸንፎ እራት የማይበላ ስንት ወንድ አለ፣ ለንደንን በአይኑ ያላየ፣ ተጫዋቾቹ መኖሩንም የማያውቁ፣ ማንም ግን አብደሃል አይለውም፣ እንደውም ሰፈሩ ሁሉ አብሮት ያዝናል። ያንቺ ችግር ብቻሽን መሆንሽ ነው። አብሮሽ የሚያዝን ሰው አጠገብሽ ስለሌለ ሀዘንሽ ላንቺ ራስሽ እንግዳ ሆነብሽ።

ደሞ የምታዝኚለት ነገር እውነተኛ ነው። ከውጪ ለሚያይ ሰው የጃፓን አይዶል ማለት ተመሳሳይ ልብስ ለብሰው ተሰልፈው የሚጨፍሩ ልጆች ነው የሚመስለው፣ ውስጡ የገባ ሰው ግን የሚያየው ልጅቷ ገና ሳትበስል ወጥታ ሰው ፊት ስትበስል ነው። የዚሁ የሄሎ ፕሮጀክት ቡድን ሞርኒንግ ሙሱሜ ራሱ የተጀመረው በወደቁ ልጆች እኮ ነው። በ1997 (አመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) አሳያን የሚባል የቲቪ ፕሮግራም የሮክ ድምፃዊት ለመምረጥ ውድድር አድርጎ፣ ሳያልፉ ከቀሩት ውስጥ አምስቱን ፕሮዲውሰሩ ሱንኩ ሰብስቦ በአምስት ቀን 50,000 ሲዲ ሰው ፊት ቆማችሁ ከሸጣችሁ በይፋ ትወጣላችሁ አላቸው፣ እነሱም ሸጡት፣ በ1998 መጀመሪያ ላይ ዴቢው አደረጉ። ከአምስቱ አንዷ አሱካ ፉኩዳ ገና በ1999፣ በ14 አመቷ፣ ትምህርቴ ላይ ላተኩር ብላ ወጣች። ከዛ ጊዜ ጀምሮ ምርቃት (ከቡድን መሰናበትን እንዲህ ነው የሚሉት) የቡድኑ የኑሮ ስርአት ሆነ፣ አሮጌዎቹ ይመረቃሉ አዲሶቹ በኦዲሽን ይገባሉ፣ ዛሬ ከመጀመሪያዎቹ አንዷም የለችም ቡድኑ ግን አለ፣ ከ2014 ወዲህ እንደውም አመተ ምህረቱን ስሙ ላይ እየጨመረ በየአመቱ ይታደሳል። አንቺም ልጅቷን ያገኘሻት ኬንሹሴ እያለች፣ ማለትም ቡድን ሳይደርሳት ሰልጣኝ ሆና ነው፣ ድምጿ ሲሰበር ሰምተሻል፣ የመጀመሪያዋን የሶሎ መስመር ስታገኝ ሪፕሌይ አድርገሽ አድርገሽ አይተሻል። አራት አመት እንዲህ የተከታተልሽው ሰው ልሄድ ነው ሲልሽ ካላዘንሽማ ድሮም አልወደድሻትም ማለት ነው።

ደብዳቤሽ ውስጥ በጣም የወደድኩት ስለሰአቱ የጻፍሽውን ነው። ቶኪዮ ከኛ በስድስት ሰአት ይቀድማል፣ የኛ አቆጣጠር ደሞ ከፈረንጁ በስድስት ሰአት ይለያል፣ ስለዚህ እነሱ ማታ ሰባት ሰአት ሾው ይጀመራል ሲሉ ያንቺም ሰአት ሰባት ነው የሚለው፣ ለነሱ መሽቷል ላንቺ የምሳ እረፍት ነው። ሁለቱም አገር በበጋ በክረምት ሰአቱን ስለማይቀያይር ሁሌም እንዲሁ ነው። ፋርማሲው ጓዳ ውስጥ በአንድ ጆሮ ኢርፎን አድርገሽ ምሳሽን እየበላሽ ላይቩን የምትከታተዪበት ያ ግማሽ ሰአት፣ እኔን ብትጠይቂኝ፣ ከስምንቱ ሲዲ ሁሉ ይበልጣል።

ስለብሩ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልጻፍ፣ ምክንያቱም እዚህ ላይ ነው ብዙ የውጪ ፋን የሚጎዳው።

ይሄ አንድ ሰው አንድ አይነት ሲዲ አስርና ሀያ የሚገዛበት ነገር ከየት መጣ? በጣም የታወቀው ኤኬቢ48 የሚባለው ሌላ የሴት አይዶሎች ቡድን ነው። በታህሳስ 2005 አኪሃባራ ውስጥ ዶን ኪሆቴ የሚባል ሱቅ ህንጻ ስምንተኛ ፎቅ ላይ 250 ሰው የምትይዝ ትንሽዬ ቲያትር ከፍተው ጀመሩ፣ የፕሮዲውሰሩ ያሱሺ አኪሞቶ ሀሳብ በቲቪ ብቻ የምታያቸው ሳይሆን ሄደህ በአካል የምታገኛቸው አይዶሎች ይኑሩ የሚል ነበር። ከዛ ሲዲው ውስጥ የእጅ መጨበጫ ቲኬት መግባት ጀመረ። አንድ ቲኬት ማለት ጥቂት ሰከንድ ነው፣ ተሰልፈሽ ትደርሻለሽ፣ እጇን ትይዣለሽ፣ ስምሽን እንኳን ነግረሽ ሳትጨርሺ ከኋላሽ የቆመው ሰራተኛ ትከሻሽን ነክቶ ያሳልፍሻል፣ ትንሽ ልቆይ ካልሽ ቲኬት መደራረብ ነው፣ ማለትም ሲዲ መደራረብ። ከ2009 እስከ 2018 ደሞ በየአመቱ ፋኖች የሚወዷትን አባል የሚመርጡበት ምርጫ ነበራቸው፣ የድምፅ መስጫው በብዛት ከሲዲ ጋር ነበር የሚመጣው፣ አንድ ሰው በገዛው ልክ ይመርጣል። ሪኖ ሳሺሃራ የምትባለው ልጅ በ2013 በ150,570 ድምፅ አንደኛ ወጣች፣ በ2017 ደሞ በ246,376። ይሄ ሁሉ ድምፅ የዛን ያህል ሰው ነው ማለት አይደለም፣ ከጀርባው ክፍሉን በካርቶን ሲዲ የሞላ ፋን አለ።

ያንቺ ቡድን እንደዛ አይነት ምርጫ የለውም፣ ግን አንዱ ነጠላ ዜማ በሶስት በአራት አይነት ከቨር ይወጣል፣ ውስጡ የሚገባው ፎቶ የማን እንደሆነ እስክትከፍቺው አይታወቅም፣ ከግዢው ጋር የተያያዘ ኢቨንትም አለ። ይሄን ክፉ ሰዎች ያሴሩት ነው አልልም፣ ልጆቹን የሚያሰለጥነው፣ አዳራሹን የሚከራየው፣ ልብሱን የሚያሰፋው ገንዘብ ከዚሁ ነው የሚመጣው። ግን አስቢው እህቴ፣ ይሄ ሁሉ የተሰራው እዛው ላለ ሰው ነው። በባቡር መጥቶ ተሰልፎ እጅ ለሚጨብጥ ሰው። አንቺ ጀሞ ቁጭ ብለሽ ስምንት ኮፒ ስትገዢ የምታገኚው ያንኑ ዘፈን ስምንት ጊዜ ነው፣ የቀረው የማትጠቀሚበት ወረቀት ነው። ቢሮው (ልጆቹን የሚያስተዳድረው ድርጅት) በገዛሽው መጠን አያውቅሽም፣ ልጅቷም አታውቅሽም፣ ፍቅርሽን በኮፒ ብዛት የሚቆጥርልሽ ማንም የለም። እኔ ከሩቅ ሆኖ መከታተል ትልቁ ጥቅሙ ይሄ ይመስለኛል፣ ከዛ ቆጠራ ውጪ ነሽ። ለምን ብለሽ በገዛ እጅሽ ትገቢበታለሽ? ጃፓን ያሉት ፋኖች ራሳቸው ስንቶቹ ነው መውጣት አቅቷቸው ሚሰቃዩት።

ስለዚህ ከዚህ በኋላ አንድ ኮፒ። እሱንም ከፈለግሽው ብቻ። ኤጀንት በሚሉት፣ ማለትም እዛው ጃፓን ገዝቶ በሚልክልሽ በኩል ሲገዛ የእቃው ዋጋ አለ፣ የኤጀንቱ ኮሚሽን አለ፣ ጃፓን ውስጥ እስከ መጋዘኑ ያለው ማጓጓዣ አለ፣ ከዛ ወደ ውጪ የሚላክበት አለ፣ እዚህ ሲደርስ ደሞ ቀረጡ። ብሩ በገበያ ይመራ ከተባለበት ጊዜ ወዲህ እዚህ በብር እያሰብሽው ቢሆን አንዱን ፎቶ ለማግኘት የምታወጪው የስንት ቀን ደሞዝ እንደሆነ ታውቂዋለሽ፣ ወንድምሽ በዶላር ስለሚከፍለው ነው የተሸፈነብሽ።

አንድ ነገር ግን ግዢ፣ የስንብት ኮንሰርቱ ብሉሬይ ሲወጣ። አራት አመት አንድ ላይ የሚቀመጥበት እሱ ነው። ሲገዛ ግን ሪጅን የሚባለውን (ዲስኩ የሚሰራበትን የአለም ክፍል) አይታችሁ ይሁን፣ ጃፓንና አሜሪካ ሁለቱም ሪጅን ኤ ናቸው አፍሪካ ግን ሪጅን ቢ ነው፣ ሪጅን የተቆለፈ ዲስክ ከሆነ የወንድምሽ ቤት ማጫወቻ ላይ ይሰራል እዚህ የተገዛ ማጫወቻ ላይ ግን እምቢ ሊል ይችላል። ገንዘብ ወጥቶበት ባህር ተሻግሮ መጥቶ አልከፍት ሲል እንዴት እንደሚያናድድ ልነግርሽ አልችልም።

ለወንድምሽ ደሞ እውነቱን ንገሪው። «ለአንዲት ዘፋኝ ነው፣ በጣም እወዳታለሁ፣ ስምንት መግዛቴ ግን ልክ አልነበረም፣ ከአሁን በኋላ በአመት ይሄን ያህል ብቻ ነው የምጠይቅህ» በይው፣ ቁጥሩንም ራስሽ አስቀምጪ። ወንድም ነው፣ ሚናደደው በገንዘቡ ሳይሆን በመደበቅሽ ነው። ከስምንቱ አንዱን ያዢና ሰባቱን ግሩፑ ውስጥ አዲስ አበባ ላሉት ልጆች አካፍይ ወይ በገዛሽበት ሽጪላቸው፣ ካርድ የሚከፍልለት ወንድም የሌለው ብዙ ልጅ አለ።

አሁን ወደ ወሬው ልምጣና፣ እዚህ ላይ እንደ ታላቅ እህት ጠንከር ብዬ ነው የምናገርሽ።

ያንን ፎቶ ከስልክሽ አጥፊው። ለማንም ፎርዋርድ አታድርጊ። እውነት ይሁን ውሸት አላውቅም፣ ማወቅም የለብንም፣ እኔም አንቺም። አይዶል የፍቅር ጓደኛ መያዝ የለባትም የሚባለው ነገር ልጆቹ ላይ ምን እንዳደረገ እይ። በጥር 2013 የኤኬቢ48ቷ ሚናሚ ሚኔጊሺ ከወንድ ቤት ስትወጣ መጽሔት ፎቶዋን ስላወጣው ፀጉሯን ሙልጭ አድርጋ ተላጭታ ካሜራ ፊት እያለቀሰች ይቅርታ ጠየቀች፣ ቪዲዮው አለምን ዞረ። 20 አመቷ ነበር። ምን በደለች? ማንን ገደለች? በ2015 አንድ የቶኪዮ ፍርድ ቤት ፍቅር በመያዟ ኮንትራት አፈረሰች የተባለች የ17 አመት ልጅ 650,000 የን ገደማ እንድትከፍል ፈረደ፣ በ2016 መጀመሪያ ላይ ደሞ እዛው ቶኪዮ በሌላ ልጅ ጉዳይ ፍርድ ቤቱ የቢሮውን ክስ ውድቅ አደረገው፣ ሰው ከወደደው ጋር መሆን የደስታው መብት ነው ብሎ። እኔ ከሁለተኛው ጋር ነኝ፣ ምንም ጥያቄ የለውም።

አደጋም አለው ደሞ። በ2014 ኢዋቴ በሚባል የጃፓን አካባቢ የኤኬቢ48 የእጅ መጨበጥ ዝግጅት ላይ አንድ ሰው መጋዝ ይዞ ገብቶ ሁለት አባላትና አንድ ሰራተኛ አቁስሏል። በ2019 ደሞ አንዱ ሰውዬ አንዲት አይዶል የለቀቀችውን ሰልፊ አጉልቶ አይኗ ብሌን ላይ ከሚታየው ነጸብራቅ የባቡር ጣቢያዋን ለይቶ፣ እዛ ጠብቆ ቤቷ ድረስ ተከትሎ ጥቃት አድርሶባታል። እንግዲህ በድብቅ የተነሳ ፎቶ አዲስ አበባ ባለ ቴሌግራም ላይ ሲዞር ምንም የማያመጣ ሊመስልሽ ይችላል፣ ግን ያ ፎቶ ዋጋ ያለው የሚያየው ስላለ ነው፣ አንቺም ስታዪው ከሚያዩት አንዷ ነሽ። ግሩፑ ውስጥ ሁለት መስመር ጻፊ፣ «እንዲህ አይነት ፎቶ እዚህ አይለጠፍ» በይ። የሚስቅብሽ ይኖራል፣ አብሮሽ የሚቆምም ይኖራል፣ አይተሽ ትነግሪኛለሽ።

ተካድኩ ላልሽው ደሞ፣ አልተካድሽም። አራት አመት እዘፍናለሁ እጨፍራለሁ አለች፣ ዘፈነች ጨፈረች። ቃሏን ጠብቃለች።

ወደ ቶኪዮ ልሂድ ወይ? አሁን አትሂጂ። የምልሽ ጉዞው ከንቱ ስለሆነ አይደለም፣ ቡዶካን እኮ በ1964ቱ ኦሎምፒክ ለጁዶ ተብሎ የተሰራ፣ ስንት ቡድን እዛ ለመቆም የሚያልመው አዳራሽ ነው፣ ሰው ሁሉ ፔንላይቱን (በእጅ የሚያዘውን መብራት) ወደ ሐምራዊ ቀይሮ ያ ሁሉ አዳራሽ በአንድ ከለር ሲበራ መሀሉ ላይ መቆም ምን ማለት እንደሆነ ይገባኛል። ግን የስንብት ኮንሰርት ቲኬት ሱቅ ሄደሽ የምትገዢው አይደለም፣ መጀመሪያ የፋን ክለብ አባላት በእጣ ይወስዱታል፣ ለምዝገባው ብዙ ጊዜ የጃፓን አድራሻና ስልክ ይጠየቃል፣ አመልክተሽም ላይወጣልሽ ይችላል። ከሰው እገዛለሁ ካልሽ፣ ቲኬት አትርፎ መነገድን የሚከለክል ህግ ከሰኔ 2019 ጀምሮ አለ፣ በር ላይ ስምና መታወቂያ ሊያዩ ይችላሉ፣ የሌላ ሰው ስም ያለበት ይዘሽ ብትመለሺ ሀብሉም የለ ኮንሰርቱም የለ። በኢትዮጵያ ፓስፖርት ቪዛ ያስፈልግሻል፣ ለቪዛው የባንክ ወረቀት፣ የጉዞ እቅድ፣ የስራ ደብዳቤ ምናምን፣ ያ ሁሉ በቀረው ጊዜ ተሯሩጦ ያልቃል ብዬ አላምንም። ወርቅ ሸጠሽ ትኬት ቆርጠሽ ቪዛ ተከልክለሽ ከምትቀሪ ሀብሉ አንገትሽ ላይ ይሁን፣ አያትሽ የሰጡሽ ነገር ነው።

ቀኑን ግን አሳልፊው አልልሽም። ትልልቅ የስንብት ኮንሰርቶች ብዙ ጊዜ ሲኒማ ቤት በቀጥታ ይታያሉ፣ አንዳንዴም በኢንተርኔት በክፍያ ይተላለፋሉ፣ አንዳንዱ ስርጭት ከጃፓን ውጪ ይዘጋል አንዳንዱ ክፍት ነው፣ ስለዚህ ማስታወቂያው እንደወጣ ከክፍያው በፊት ከአገር ውጪ ይሰራል ወይ የሚለውን አጣሪ። ከተቻለ ያን ቀን ፈረቃሽን ቀይሪና ከግሩፑ ሁለት ሶስት ልጅ ቤት ጥሪ። እናትሽንም አስቀምጫቸው። ከበፊቱ አንድ ቪዲዮ አሳዪያቸው፣ ሰልጣኝ ሳለች የዘፈነችውንና አሁን የምትዘፍነውን አከታትለሽ፣ እናት የልጅ ማደግ ሲያዩ ቋንቋ አይቸግራቸውም።

ወደፊት መሄድ ከፈለግሽ ደሞ ቀስ ብለሽ አጠራቅሚ፣ የራስሽን ደሞዝ፣ ምንም ሳትሸጪ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በኢንቾን በኩል ናሪታ ይገባል። ተራ የጉብኝት ኮንሰርት ከስንብት ኮንሰርት ይልቅ ቲኬቱ ይገኛል፣ ትንንሽ አዳራሾች ውስጥ ደሞ ልጆቹን ከቅርብ ታያለሽ። የሷ ቡድን ይቀጥላል፣ እሷም ምናልባት በሌላ መንገድ ትመጣ ይሆናል። የሞርኒንግ ሙሱሜዋ ሳዩሚ ሚቺሺጌን አስቢ፣ በህዳር 2014 ዮኮሃማ አሬና ላይ ስትመረቅ መሀል ላይ የእግሯ ጡንቻ ተኮማትሮ መሮጥ አቃታት፣ እዛው ቆማ ዘፈነች ታናናሾቿ ደገፏት፣ አዳራሹ በሮዝ መብራት እንደተሞላ አለቀ። ፋኖቿ በቃ አበቃ ብለው ሲያለቅሱ ነበር፣ በ2017 ተመልሳ ለብቻዋ መድረክ ላይ ወጣች። ያንቺዋም ትመለሳለች ብዬ ቃል አልገባልሽም፣ ተማሪ ልትሆን ትችላለች፣ ነርስ፣ ሚስት፣ እናት፣ የፈለገችውን። እሱንም መመረቅ ነው የሚሉት።

መጨረሻ ላይ ደብዳቤ ጻፊላት። ብዙ ቢሮዎች ስጦታ አይቀበሉም ደብዳቤ ግን ይቀበላሉ፣ አድራሻውና ደንቡ የቢሮው ድረ ገጽ ላይ አለ፣ አንብበሽ እንዳለው አድርጊ። ጃፓንኛሽ ትንሽ ቢሆንም በቀላል አረፍተ ነገር ጻፊው፣ ከየት እንደሆንሽ፣ የትኛው ዘፈን ላይ እንዳገኘሻት፣ ምሳ ሰአትሽ ላይ እንዴት እንደምታዪያት። ስለወሬው ምንም አታንሺ፣ ለምን ትሄጃለሽም አትበያት። ከታች ሁለት መስመር በአማርኛ ጨምሪበት፣ ባታነበውም ፊደሉን ትየው። አንድ ገጽ ይበቃል። ከኮንሰርቱ በፊት እንዲደርሳት ከአሁኑ ጻፊና በዚህ ሳምንት ፖስታ ቤት ሄደሽ በሪኮማንዴ ላኪው፣ ደረሰኙንም አትጣዪው።